ቫሪያብሉን ቀየርኩት፣ ፕሮግራሙ ግን አላየውም፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ፕሮግራም ከውጭ የሚቀበለው ስምና ዋጋ ያለው ቅንብር) ያስቸገራችሁን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ፕሮግራም እነዚህን ቫሪያብሎች የሚወርሰው ካስነሳው ፕሮግራም ነው። ሲነሳ አንድ ጊዜ ኮፒ ይወስዳል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ውጭ ብትቀይሩት አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ "ማን አስነሳው? መቼ?" በሉ።

ጥ፦ ዊንዶውስ ላይ ፓይተንን ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ ጨመርኩ። ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያው) ውስጥ አዲስ ተርሚናል ብከፍትም አያውቀውም።

መ፦ ተርሚናሉ አዲስ ቢሆንም የከፈተው ቪኤስ ኮድ ነው። እሱ ደግሞ ከለውጡ በፊት የተነሳ ስለሆነ የያዘው አሮጌውን ፓዝ ነው። መስኮቶቹን በሙሉ ዘግተህ ከስታርት ሜኑ ክፈተው። ሌላ ጊዜ ፓዝን በሴትኤክስ (setx) ትእዛዝ እንዳትቀይር፤ ከ1024 ፊደል ያለፈውን ቆርጦ ይጥለዋል።

ጥ፦ ስክሪፕቴ በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፣ በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በራሱ በሚያስነሳው የሊኑክስ ፕሮግራም) ግን ውስጡ የምጠራውን ፕሮግራም አጣሁት ይላል።

መ፦ ክሮን ያንቺን ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበውን የቅንብር ፋይል) አያነብም፣ ስለዚህ እዚያ ያስገባሽውን ፓዝ አያውቅም። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ጻፊለት።

ጥ፦ ዶት ኢንቭ ፋይል (ቫሪያብሎቹ የሚጻፉበት) ላይ የፖስትግረስ ዳታቤዝን ፓስዎርድ ቀይሬ ዶከር ኮምፖዝን (ፕሮግራሞችን በኮንቴነር የሚያስነሳውን) ሪስታርት አደረግሁ። አዲሱ ፓስዎርድ አልገባ አለ።

መ፦ እዚህ ሁለት ችግር ተደራርቧል። ሪስታርት ያንኑ ኮንቴነር (ፕሮግራሙ ተለይቶ የሚሠራበትን ሳጥን) ነው አጥፍቶ የሚያስነሳው፣ ከነድሮ ቫሪያብሎቹ። ኮንቴነሩን እንደ አዲስ የሚሠራልህ "አፕ" የሚለው ትእዛዝ ነው። ግን እሱም ብቻውን አያድንህም። የፖስትግረስ ኢሜጅ (ኮንቴነሩ የሚሠራበት ቅጂ) ያንን ፓስዎርድ የሚጠቀምበት ዳታቤዙ መጀመሪያ ሲፈጠር፣ ቮልዩሙ (ዳታው የሚቀመጥበት ቦታ) ባዶ እያለ ብቻ ነው። ዳታ ካለ አያየውም። በአሮጌው ፓስዎርድ ግባና በኦልተር ዩዘር ትእዛዝ ቀይረው። "ቮልዩሙን አጥፋው" የሚልህ ሰው ካለ እባክህ አትስማው፤ ዳታህ አብሮ ይሄዳል።

ጥ፦ የኤፒአይ ቁልፌን (ለሰርቨሩ ማንነቴን የሚያሳየውን ኮድ) ፕሪንት ሳደርገው ትክክል ነው። ሰርቨሩ ግን አይቀበለውም።

መ፦ ቁልፉ ያለበትን ፋይል ዊንዶውስ ላይ ጽፈህ ሊኑክስ ላይ አስነሳኸው? እኔን ሁለት ሌሊት ያስቀመጠኝ ይኼ ነው። በመስመሩ መጨረሻ በዓይን የማይታይ ምልክት ይቀራል፣ ከቁልፉ ጋር ተለጥፎ ይላካል። ርዝመቱን ቁጠረው። 32 መሆን ያለበት 33 ከሆነ አገኘኸው። ዶስ ቱ ዩኒክስ የሚባለው ፕሮግራም ያጸዳዋል።

ጥ፦ ቪት (የዌብ ገጽ ማዘጋጃ መሣሪያ) የምትጠቀም የሪአክት ገጼ ሰርቨሩ ላይ ቫሪያብሉን ብቀይርም አልተለወጠችም።

መ፦ ዋጋው ገጹ ውስጥ የሚገባው ቢልድ ሲደረግ (ኮዱ ለብራውዘር ወደሚላኩ ፋይሎች ሲቀየር) ነው፣ ስለዚህ እንደገና ቢልድ አድርጊ። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። እዚያ የገባ ሁሉ ብራውዘር ከፍቶ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። የክፍያ ሚስጥራዊ ቁልፍ አስገብተሽ ከሆነ ዛሬውኑ አሰርዢውና አዲስ አውጪ።