ከማስተማር ልውጣ ወይስ ልቆይ? ለአንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ እንደገለጹልን ማስተማር ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመትዎ ነው፤ በአንድ ክፍል 68 ሕፃናት ይዘዋል፤ ረቡዕ ሲደርስ ድምፅዎ ይዘጋል፤ እሑድ ማታም ሰኞን እያሰቡ እንቅልፍ ያጣሉ። ስለዚህም ሙያውን ትተው የሒሳብ አያያዝ ለመማር አስበዋል።

በቅድሚያ ድካምዎ የሙያ ፍቅር ማነስ ምልክት አለመሆኑን ይወቁልኝ። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ሲሆን፣ እርስዎ ግን በየቀኑ 18 ልጆችን ጨምረው ያስተምራሉ፤ ደብተር ያርማሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ ዝለትን በሽታ ሳይሆን፣ ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት መሆኑን ገልጾ ሦስት መገለጫዎችን አስቀምጧል፤ እነርሱም የጉልበት መሟጠጥ፣ ሥራውን በልብ መሸሽ እና ውጤት የማጣት ስሜት ናቸው። የመጀመሪያው በእርስዎ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛውን ግን አላገኘሁትም፤ «በ»ን ከ«ሰ» መለየት ያቅተው የነበረው ልጅ ባለፈው ሳምንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማንበቡን የጻፉበት አንቀጽ ከደብዳቤዎ ሁሉ ረጅሙ ነው። እንዲያም ሆኖ «ምንም ለውጥ አላመጣሁም» ብለው ደምድመዋል፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ሦስተኛው ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተስፋን፣ በራስ ችሎታ መተማመንን፣ ከወደቁ በኋላ መልሶ መቆምንና መልካም ነገር መጠበቅን በልምምድ የሚጎለብቱ ጥንካሬዎች አድርገው ያዩአቸዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እንዳስረዳው በራስ መተማመንን ከሁሉ በላይ የሚያሳድገው ሰው ራሱ ሠርቶ ያየው ውጤት ነው፤ ስለዚህ ማታ ማታ በዚያ ቀን አንድ ነገር የገባውን አንድ ልጅ በማስታወሻዎ ይመዝግቡ። ልምድ ካላት ባልደረባዎም ክፍል ገብተው 68 ልጆችን እንዴት እንደምትይዝ ይመልከቱ፤ ደብተሩንም በአንድ ቀን ሁሉንም ከማረም በየቀኑ አንድ ረድፍ ቢያርሙ ይሻላል።

ይሁን እንጂ «ጠንክሪ» የሚለው ምክር የመማሪያ ክፍል እጥረትን አይተካም፤ መምህራንን በዚህ ብቻ ማጽናናት ተገቢ አይመስለኝም። ክፍሉ ለሁለት እንዲከፈል ወይም ረዳት እንዲመደብልዎ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ይያዙ።

የሒሳብ አያያዙን ውሳኔ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ያቆዩት። ያን ጊዜ ጥያቄዎ ምላሽ አጥቶ፣ የልጆቹም ንባብ ደስ የማያሰኝዎ ከሆነ፣ ያለ ጸጸት ይመዝገቡ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።