መቶኛ ዳይቬን እንዴት ላክብረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እስራኤል ነታንያ የምኖር ነርስ ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ዳር ኤላት ላይ ስኩባ ዳይቪንግ ተማርኩ፤ እስካሁን 97 ጊዜ ጠልቄያለሁ። በሚመጣው ወር መቶ እሞላለሁ። ጓደኞቼ «መቶኛው ያለ ልብስ ነው፣ ልማድ ነው» ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ሌሎቹ ደግሞ ሳቲል ወደሚባለው የሰመጠ መርከብ ወርደን ፎቶ እንነሳ ይላሉ። እኔ ግን ነጠላ ለብሼ ውሃ ውስጥ ብነሳ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴም እንድትገኝልኝ እፈልጋለሁ፤ እሷ ግን «ደግሞ ውሃ ውስጥ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» ነው የምትለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሦስቱ እስኪሞሉ መጠበቅ አልቻልኩም።

የልብሱ ነገር ቀላል ነው። መቶኛቸውን ራቁታቸውን የሚጠልቁ አሉ፤ ልማዱ እውነት ነው። ግዴታ ግን የለውም። አልፈልግም ካልሽ አልፈልግም ነው፣ ለማንም ማስረዳት የለብሽም። ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ ሲነካ ቆዳ የሚያቃጥል ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት) አለ።

ነጠላውን ግን ውሃ ውስጥ እንዳታስገቢው፣ አደራ። ሲረጥብ ይዘረጋል፣ ሬጉሌተርሽ (አፍሽ ላይ ያለው መተንፈሻ) ላይ ይጠመጠማል፣ ኮራል ላይ ይያዛል። እናትሽ ዳር ላይ ይዛው ትጠብቅሽና ስትወጪ ታልብስሽ። ፎቶው ያ ነው። ውሃ ውስጥ ጠላቂዎች የሚጻጻፉባትን ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ያዢ፣ ላይዋ ላይ በእርሳስ ትልቅ አድርገሽ ፻ ብለሽ ጻፊ። ሌላው ሦስት አሃዝ ሲደረድር የእኛ መቶ አንድ ምልክት ነው፤ እንዴት እንደሚያምር ታዪዋለሽ።

ሳቲልን በተመለከተ ከጓደኞችሽ ጋር አልስማማም። ቦታው ግሩም ነው፤ 1994 ላይ ለጠላቂዎች ተብሎ ሆን ተብሎ እንዲሰምጥ የተደረገ የባሕር ኃይል ሚሳይል ጀልባ ነው፣ ታችኛው ክፍሉ 25 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለድግስ ግን ጥልቅ ነው። 12 ሊትር የአየር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ከውሃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የምትተነፍሺ ከሆነ 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ 60 ሊትር ትጨርሻለሽ፣ 5 ሜትር ላይ ግን 30 ብቻ። ደስታ ደግሞ ትንፋሽ ያበዛል። ቀለሙም አለ፤ ቀይ ሪባን ብታስሪ እዚያ ታች ጠቁሮ ነው የሚታየው።

የእኔን መቶኛ 30 ሜትር ላይ ነበር ያከበርነው። ለፎቶ ስንሯሯጥ በ15 ደቂቃ አየሬ ተጋመሰ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የግፊት መለኪያዋን መርፌ ነው፣ አንድ ዓሣ እንኳ ትዝ አይለኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እና እኔ አንቺን ብሆን ሳቲልን 99ኛ አደርገውና ለመቶኛው መጀመሪያ ወደተማርሽበት ጥልቀት የሌለው አሸዋማ ቦታ እመለስ ነበር፣ ያኔ ማስክሽን ውሃ ሲሞላው እየተደናገጥሽ በጉልበትሽ የተንበረከክሽበት ቦታ ማለቴ ነው። አሁን እዚያው ምንም ሳትነኪ ተንሳፍፈሽ ዝም ብለሽ ቁሚ። ስድስት ዓመት ምን እንዳስተማረሽ ሰውነትሽ ይነግርሻል።

እናትሽን ከዋዜማው ውሰጃት። ኤላት ኮራል ዳርቻ ላይ ከባሕር ወለል በታች በመስኮት ዓሣ የሚታይበት ቦታ አለ። ሳትረጥብ በደረጃ ትወርዳለች። ልጇ የምትሄድበትን አገር በዓይኗ ስታይ ፍርሃቷ ባይጠፋም ይቀንሳል። «ኦክስጅኑ ቢያልቅስ?» ካለችሽ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እሷም አሁን የምትተነፍሰው ተራ አየር ተጨምቆ መሆኑን ንገሪያት። የግፊት መለኪያውንም አሳዪያት፤ ነርስ ነሽ፣ ማስረዳቱን ታውቂበታለሽ።

ማታ እዚያው እደሩ። ተደጋግሞ ከተጠለቀ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ ከመብረር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል፤ በከፍታው ከተማ በሚጽፔ ራሞን በኩል በመኪና መመለስም ከባሕር ወለል ከ800 ሜትር በላይ ስለሚያወጣሽ ለዚያን ቀን አይሆንም። ካደራችሁ ደግሞ ጀበናው አቦል ላይ አይቆምም፣ በረካ ድረስ ተረጋግታችሁ ትጠጣላችሁ።

ከቡናው በኋላ የዳይቭ መዝገብሽን አውጪ። መቶኛው ገጽ ላይ አብሮሽ የጠለቀው ሰው ከፈረመ በኋላ እናትሽም ከጎኑ ትፈርምልሽ።