ገመዱን ከመቀየርዎ በፊት ሴቲንጉን ይዩት

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የመሐል ሜዳ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጥያቄዎን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ከሥሩ የተሰጡትን መልሶችም አነበብኩ። አብዛኛው «ገመዱን ቀይሩት» ነው የሚለው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ልድረስ ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ ይሄ ነው። መምህር ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማጠናከሪያ ሊያስተምሩበት ላፕቶፓቸውን ከትምህርት ቤቱ ባለ 43 ኢንች ቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኙት። ፊልም ሲከፍቱ ደህና ነው። ጽሑፍ ሲከፍቱ ግን ፊደሉ ይደበዝዛል። የስክሪኑ ዳር ዳርም ተቆርጦ ታች ያለው ሰዓት አይታይም። ድምፁ ደግሞ ከላፕቶፑ ነው የሚወጣው። የሸጠላቸው ሰው «ችግሩ ገመዱ ነው፣ ወርቅ ቅቡን ይውሰዱ» ብሏቸዋል። በተጨማሪ ቢሮ ውስጥ ቪጂኤ (የድሮው የምስል መውጫ) ብቻ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፤ እሱስ ይሠራል ወይ ብለው ጠይቀዋል።

እኔ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ የሠርግ ቪዲዮም ኤዲት አደርጋለሁ። ደንበኛ ሠርጉን የሚያየው ሳሎኑ ባለው ቲቪ ላይ ነው። ቲቪው ምስሉን ካበላሸው ጣቱ የሚቀሰረው እኔ ላይ ስለሆነ ነገሩን አጥብቄ ነው የያዝኩት።

ገመዱን አይቀይሩ። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፤ ምስሉን በቁጥር መልክ ነው የሚልከው። ገመዱ ሲበላሽ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ነጫጭ ነጥብ ይረጭበታል፣ ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ፊደሉን ሁሉ እኩል አድርጎ ማደብዘዝ ግን አይችልም። ወርቅ ቅቡም ጫፉ እንዳይዝግ ይረዳል እንጂ ምስል አያጠራም። ገመዱ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁት ሸዋ ሮቢት አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቀጭን ገመድ ከመድረኩ እስከ አዳራሹ ጀርባ ድረስ ዘርግተው ምስሉ በየደቂቃው ጥቁር እየሆነ ያስቸግራቸው ነበር። ላፕቶፑን ቲቪው አጠገብ አስቀምጠን፣ በአጭር ገመድ አገናኝተን፣ ተናጋሪው ከሩቅ በገመድ አልባ ማውስ እንዲያዝ አደረግን፤ በዚያው ተስተካከለ። የእርስዎ ሁለት ሜትር አይሞላም ብለዋል። ለሱ ተራው ገመድ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ፊደሉን የሚያደበዝዘው ምንድን ነው? የነጥብ ቁጥር አለመግጠም ነው። ነጥብ የምለው ስክሪኑ ምስሉን የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች (ፒክስል) ነው። የእርስዎ ቲቪ ፉል ኤችዲ ከሆነ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው። ሁለት ሚሊዮን ይሻገራል። የላፕቶፕዎ ስክሪን ደግሞ፣ እንደ ብዙዎቹ እዚህ አገር እንደሚሸጡት፣ 1366 በ 768 ይመስለኛል። ያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳይ ሲታዘዝ ለትንሹ ስክሪን የሚሆነውን ይመርጥና ለቲቪውም እሱኑ ይልካል። ቲቪው በአንድ ሚሊዮኑ ሁለት ሚሊዮኑን መሙላት አለበት። አንዱ ነጥብ በ1.4 ነጥብ ላይ መዘርጋት ሊኖርበት ነው። የነጥብ ሽራፊ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቀለሙን ጎረቤት ነጥብ ላይ ይቀባዋል። የሚንቀሳቀስ ፊልም ላይ ዓይን ይህን አያስተውልም። የፊደል ቀጭን እግር ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ፊልሙ ደህና ሆኖ ጽሑፉ የተበላሸው በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ቁልፉን እንደያዙ የ«P» ፊደልን ቁልፍ ይጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል። አሁን «ዱፕሊኬት» ላይ ነው ያለው። «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ። የላፕቶፑ ስክሪን ይጠፋል፤ አይደንግጡ፣ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ። «ሬዞሉሽን» የሚለው 1920 በ 1080 መሆኑን ያረጋግጡ።

አሁን ፊደሉ ጠርቶ ግን አንሶ ያገኙታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፊደሉ እንዲተልቅ ብሎ ሬዞሉሽኑን ዝቅ ያደርገዋል፤ ብዥታው ተመልሶ ይመጣል። ሬዞሉሽኑን አይንኩት። እዚያው ገጽ ላይ «ስኬል» የሚል አለ፤ እሱን 150 በመቶ ያድርጉት። ኋላ የተቀመጠው ልጅም ያነባል፣ ፊደሉም እንደጠራ ይቆያል።

ተማሪዎቹን ፊት ለፊት እያዩ ላፕቶፑንም ማየት ከፈለጉ «ኤክስቴንድ» የሚለው ይሻላል። ሁለቱም ስክሪኖች የየራሳቸውን ልክ ይዘው ይሠራሉ። ፓወርፖይንትም ማስታወሻዎን ለእርስዎ ብቻ፣ ስላይዱን ለተማሪው ያሳይልዎታል።

ቀጥሎ የተቆረጠው ዳር። ይሄ የድሮው ባለ ከረጢት ቲቪ ውርስ ነው። ያኔ የምስሉ ዳር ወጣ ገባ ስለነበር ቲቪዎች ሆን ብለው ምስሉን ትንሽ ለጥጠው ዳሩን ይደብቁት ነበር። ፍላት ቲቪ ይህ አያስፈልገውም። ግን ብዙዎቹ ዛሬም ከፋብሪካ ሲወጡ እንዲሁ ተደርገው ነው። ስሙ ኦቨርስካን ይባላል። ጉዳቱ ሰዓቱን መቁረጡ ብቻ አይደለም። ምስሉ በተለጠጠ ቁጥር ያ የነጥብ አለመግጠም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሬዞሉሽኑን ብቻ አስተካክለው ይህን ከተዉት ጽሑፉ አሁንም ሙሉ በሙሉ አይጠራም።

የሚጠፋው ከቲቪው ሪሞት ነው። «ፒክቸር» ውስጥ ገብተው የምስል መጠን የሚለውን ይፈልጉ። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን» ይለዋል። ኤልጂ «ጀስት ስካን» ይላል። ሶኒ «ፉል ፒክስል»። አንዳንዱ ቲቪ ላይ በቀጥታ «ኦቨርስካን» ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ማጥፋት ነው። ከኮምፒውተሩ በኩል ምስሉን አጥብቦ ዳሩን የሚያስገባ ሴቲንግም አለ። እሱን አልመክርም። ኮምፒውተሩ ያጠበበውን ቲቪው መልሶ ይለጥጠዋል፣ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ይታሻል።

መስተካከሉን የማረጋግጥበት አንድ ዘዴ አለኝ። ኖትፓድ ይክፈቱና በትንሽ ፊደል «በ ቡ ቢ» ብለው ይጻፉ። ቲቪው አጠገብ ቆመው ይዩት። የቡ ቅጥያ ቀኝ እግሩ መሐል ላይ፣ የቢ ደግሞ እግሩ ታች ላይ ነው። ሁለቱ በግልጽ ከተለዩ ነጥቦቹ ገጥመዋል። ሁለቱም ተመሳሳይ እብጠት መስለው ከታዩ አንድ ቦታ ላይ ምስሉ አሁንም እየተለጠጠ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ጽሑፉን ቀይ፣ ጀርባውን ሰማያዊ ያድርጉት (ለዚህ ወርድ ይሻላል)። የቅድሙ ጥቁር ጽሑፍ ጠርቶ ቀዩ ዳሩ ከተበተነ ቲቪው የቀለሙን መረጃ እየቀነሰ ነው። ብዙ ቲቪዎች ለፊልም ይበቃል ብለው ይህን ያደርጋሉ። መድኃኒቱ ገመዱ የተሰካበትን የቲቪ መግቢያ (ኢንፑት) ስም መቀየር ነው። ሳምሰንግና ኤልጂ ላይ የኢንፑቱን ስም «ፒሲ» ብለው ሲሰይሙት ቲቪው ኮምፒውተር መሆኑን ያውቅና ቀለሙን ሳይቀንስ ያሳያል። ስም መቀየር ብቻ ይመስላል፤ ልዩነቱን ግን በዓይንዎ ያዩታል።

እግረ መንገድዎን «ሻርፕነስ» የሚለውን ዝቅ ያድርጉት። ብዙ ቲቪ ላይ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነው ትክክሉ። ሶኒ ላይ መሐሉ፣ 50። ስሙ ምስል የሚያጠራ ያስመስለዋል። የሚያደርገው ግን በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ መሣል ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተደርጎ የተቀመጠውን «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚለውንም ወደ «ስታንዳርድ» ይመልሱት። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ደግሞ «ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል» የሚል ካለ ቀያይረው ይሞክሩት።

ድምፁ ጉዳይ አይደለም። ኤችዲኤምአይ ድምፅም ይዞ ይሄዳል። ታች ጥግ ያለውን የስፒከር ምልክት ተጭነው ከዝርዝሩ የቲቪውን ስም ይምረጡ።

ቪዲዮን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። ከኢንተርኔት በ360ፒ የወረደ ትምህርት 640 በ 360 ነጥብ ነው ያለው። በእርስዎ ቲቪ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ዘጠኝ ነጥብ ይሸፍናል። የትኛውም ሴቲንግ አያጠራውም። መረጃው መጀመሪያውኑ የለም። ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ቢያንስ 720ፒውን ያውርዱ። ሁለተኛው ለሠርግ ቪዲዮ ነው። እኛ የምንቀርጸው ብዙ ጊዜ በሰከንድ 25 ምስል ነው። ኮምፒውተሩ ለቲቪው 60 ሲልክ 25 ለ60 እኩል ስለማይካፈል ካሜራው ዞር ሲል ምስሉ ይንገጫገጫል። «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ሪፍሬሽ ሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የምስል ቁጥር፣ በኸርዝ የሚጻፈውን) 50 ሲያደርጉት ያ መንገጫገጭ ይጠፋል። ለጽሑፍ ግን 60 ላይ ይተዉት፤ ማውሱ ቀለል ይላል።

ባለ 32 ኢንች ላላችሁ፣ ብዙዎቹ «ኤችዲ ሬዲ» የሚባሉት እውነተኛ ነጥባቸው 1366 በ 768 ነው። 1080ውን ይቀበላሉ፣ ግን አጥብበው ነው የሚያሳዩት። ኮምፒውተሩ 1366 በ 768 ካስመረጣችሁ እሱን ውሰዱ። ፎርኬ (3840 በ 2160 ነጥብ ያለው) ቲቪ ያላችሁና ላፕቶፓችሁ የቆየ የሆነ ደግሞ በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን ከ30 ኸርዝ በላይ እንደማይወስድ እወቁ። ማውሱ እየተጎተተ ካስቸገራችሁ 1080 በ 60 አድርጉት። ፎርኬ ወደ ጎንም ወደ ታችም የ1080 ልክ እጥፍ ስለሆነ አንዱ ነጥብ በትክክል አራት ይሆናል። ብዙም አይጎዳም።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ። ገመዱን ስትሰኩም ስትነቅሉም ሁለቱም ዕቃዎች ከሶኬት የተነቀሉ ይሁኑ። ባለ ሁለት እግር ቻርጀር የተሰካበትን ላፕቶፕ ብረት ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ የምድር ሽቦ ስለሌለው ነው። ቲቪው በዲሹ ገመድ በኩል ከጣሪያው ብረት ጋር ተያይዟል። ሁለቱ በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ ያ ነዘር በቀጫጭኑ የሲግናል መስመር ሊያልፍ ይችላል። ቁጥር 1 የኤችዲኤምአይ መግቢያው ሞቶ ቁጥር 2 የሚሠራ ቲቪ ሱቄ ድረስ ይመጣል፤ ፓነሉ ጤነኛ፣ መግቢያው የተቃጠለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ እናንተ ጋ መብረቁን ታውቁታላችሁ። ደመናው ሲያጉረመርም የዲሹንም የኤችዲኤምአዩንም ገመድ ንቀሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩ። የትምህርት ቤት ዕቃ ቶሎ አይተካም፤ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው።

አሮጌው ዴስክቶፕ ይሠራል፣ መምህር። መጀመሪያ የቲቪውን ጀርባ ይዩ። ሰማያዊ ባለ 15 ቀዳዳ ቪጂኤ መግቢያ ካለው በቀጥታ በቪጂኤ ገመድ ይገናኛል። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ እዚህ ጋ የገመዱ ጥራት ለውጥ ያመጣል፤ አጭርና ወፈር ያለ ይሁን። ድምፅ ስለማይወስድ ለብቻው የድምፅ ገመድ ያስፈልጋል። ቪጂኤ ከሌለው ኮንቨርተር መግዛት ይኖርብዎታል። ሲገዙ «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» ብለው አስረግጠው ይናገሩ። «ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ» የሚለው መልኩ ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በእርስዎ በኩል ምንም አያሳይም። ትክክለኛው ብዙ ጊዜ ኃይል የሚወስድበት የዩኤስቢ ገመድና የድምፅ መግቢያ አለው። ሁለቱ መኖራቸው ጥሩ ምልክት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የዴስክቶፑን ጀርባ ፎቶ አንስተው እዚሁ ይለጥፉልኝ። ብዙ የቢሮ ዴስክቶፖች ከቪጂኤው ጎን ዲስፕሌይፖርት አላቸው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ አንድ ጥጉ ብቻ የተቆረጠ ነው። እሱ ካለ ኮንቨርተሩን ይተዉትና ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደውን ገመድ ይግዙ። ምስሉ ከቪጂኤው የጠራ ነው፣ ድምፁንም አብሮ ይወስዳል።