ድስት ውስጥ የደረቀው የጃስሚን ሳሙና

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ በቀዝቃዛ ዘዴ፣ ማለትም ድብልቁን እሳት ላይ ሳልጥድ፣ ሳሙና መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ለ1 ኪሎ ዘይት 350 ግራም የሚረጋ ዘይት (ፓልም)፣ 300 ግራም የኮኮናት፣ 250 ግራም የወይራ፣ 100 ግራም የጉሎ ዘይት እጠቀማለሁ። ኮስቲክ ሶዳው 144 ግራም ነው። ቶሎ እንዲደርቅልኝ ውሃውን ወደ 215 ግራም ዝቅ አድርጌዋለሁ። ያለ ሽቶ ስሠራ ምንም ችግር የለም። ባለፈው ሳምንት 50 ግራም የጃስሚን ሽቶ ስጨምርበት ግን ብሌንደሩን ሳላወጣ ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። የቫኒላው ደግሞ ቆንጆ ሆኖ ፈሰሰልኝ፤ ነገር ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ነጩ ሳሙና ጥቁር ቡኒ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው የሽቶው? ድስቱ ውስጥ የቀረውንስ ልጣለው?»

እህቴ፣ አትጣይው። የመዘንሽው ልክ ከሆነና ድስቱ ሥር ያልተዋሃደ ዘይት ወይም ውሃ ካልተጠራቀመ፣ ያ ድንጋይ መልኩ ተበላሸ እንጂ ሳሙና ነው። ጓንት አድርገሽ ፈቅፍቂው፤ ለ1 ኪሎ ፍርፋሪ 100 ግራም ያህል ውሃ ጨምሪበትና ክዳን ባለው የስቴንለስ ድስት አድርገሽ፣ ያንን ድስት የፈላ ውሃ ባለበት ሌላ ድስት ላይ አስቀምጪው። የአሉሚኒየም ድስት እንዳትነኪ፤ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ ሲበላውም የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣል። አልፎ አልፎ እያገላበጥሽ ጠብቂው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በቪዲዮ ከምታዪው ጊዜ ይረዝምብሻል። ፍርፋሪው ተያይዞ እንደ ገንፎ ሲሆንና ገርጣ ብሎ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ሞልድ (የሳሙናው ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ በማንኪያ እየጠቀጠቅሽ ሙይው። መልኩ ሻካራ ይሆናል። ለገበያ ባይሆን ለቤትሽ ይሆናል።

ለወደፊቱ ግን እንዲህ ሲደርቅብሽ እስከ ማግስቱ አትጠብቂ። ገና ትኩስ ሳለ ውሃ ሳትጨምሪ እዚያው በእሳት ብትይዢው ይለሰልሳል። ደርቆ ሳይሆን እንደ ሩዝ ፍሬ ተንጠባጥቦ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ብሌንደሩ ለጥቂት ሰከንድ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ግን እጅሽ ፈጣን ይሁን።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ፣ ጥፋቱ ግማሽ የሽቶው፣ ግማሽ የአንቺ ነው። አበባ አበባ የሚሉ ሽቶዎች፣ ጃስሚንም ጋርዲኒያም ሊላክም፣ በዚህ ጠባይ የታወቁ ናቸው። ቅርንፉድ ከሁሉም ይብሳል። የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ዩጂኖል የሚባል ነገር ነው፤ እሱ ከሶዳው ጋር ቀድሞ ይያዝና ዘይቱንና የሶዳውን ውሃ በአንድ ጊዜ ያጋባቸዋል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ለገና ብዬ ቅርንፉድ ያለ ልክ ጨምሬ፣ የእንጨት ማንኪያውን ሳነሣው ድስቱ አብሮ ተነሥቷል። ጎረቤቴ እስካሁን ታስቅብኛለች።

አንቺ ግን ለዚህ አስቸጋሪ ሽቶ መንገዱን ሁሉ ጠርገሽለታል። በ144 ግራም ሶዳ ላይ 215 ግራም ውሃ ማለት 40 ከመቶ የሆነ ብርቱ የሶዳ ውሃ ነው። ሽቶ በሌለው ሳሙና ውሃ መቀነስ ብልሃት ነው፤ በጃስሚን ላይ ግን ቁልቁለት ላይ ያለ መኪና ነዳጅ እንደመርገጥ ነው። የሚረጋውና የኮኮናቱ ዘይት አንድ ላይ 65 ከመቶ ሆነዋል፣ እነሱም ቶሎ ይወፍራሉ። የጉሎ ዘይትም 10 ከመቶ ሲሆን ያፋጥናል። 50 ግራም ሽቶ ለ1 ኪሎ ዘይት ብዙ ነው፤ 30 ግራም ይበቃል። ሻጭሽ የዓለም አቀፉን የሽቶ ማኅበር፣ የኢፍራን ወረቀት ሊሰጥሽ ከቻለ፣ ለሳሙና የሚሆነውን ምድብ 9ን ተመልከቺ፤ ለቆዳ የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን እዚያ ተጽፏል፣ ከ30 ግራም በታችም ሊሆን ይችላል። ብሌንደሩን ደግሞ ሽቶው ከገባ በኋላ መንካት አልነበረብሽም።

እኔ ብሆን ለጃስሚኑ እንዲህ እሠራው ነበር። የወይራ 500 ግራም፣ የኮኮናት 250፣ የሚረጋው 200፣ የጉሎ 50። ወይራው ከተወደደብሽ ከ500ው ውስጥ 150 ግራሙን በሱፍ ዘይት ተኪው፤ የሚፈልጉት ሶዳ ተቀራራቢ ስለሆነ ቁጥሩን መቀየር አያስፈልግሽም። ከዚያ በላይ ሱፍ ካበዛሽ ግን ሳሙናው ይለሰልሳል፣ ሲቆይም ሽታው ቶሎ ይበላሻል። ሶዳው 140 ግራም፣ ውሃው 360 ግራም። በዚህ ልክ 5 ከመቶ ገደማ ዘይት ሳይለወጥ ይተርፋል፣ እሱ ለቆዳ ነው። ሳሙናው ለመድረቅ ከለመድሽው አንድ ሁለት ሳምንት ይጨምር ይሆናል፤ መታገሥ ነው።

ዘይቱንም የሶዳውን ውሃም 35 ዲግሪ አካባቢ አድርሺያቸው። ከዚያ በጣም አታውርጂው፤ የሚረጋው ዘይት መርጋት ከጀመረ ድብልቁ የወፈረ ይመስላል እንጂ ገና አልተዋሃደም፣ ከሞልድ ስታወጪው ታዲያ ውሃ ይተፋብሻል። ብሌንደሩን እንዳገናኛቸው አጥፊው። ዘይት ላዩ ላይ መንሳፈፉን ሲያቆምና ድብልቁ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ይበቃል፤ የተለመደውን ትሬስ፣ ማለትም ወፍሮ ላዩ ላይ ምልክት እስኪይዝ፣ አትጠብቂ። ሞልዱ ተዘጋጅቶ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ስልክሽንም ዝም አሰኚው።

አሁን ሽቶውን ከማፍሰስሽ በፊት አንዲት ነገር አድርጊ፣ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ብትይዢ ይህን ያዢ። ከድብልቁ 100 ግራም በፕላስቲክ ኩባያ ቅጂና 2 ግራም ሽቶ ጨምረሽ በማንኪያ አማስይው፤ ሰዓትም ያዢ። አምስት ደቂቃ ፈሳሽ ሆኖ ከቆየ ድስቱን ያለ ፍርሃት ትጨርሺዋለሽ። በአንድ ደቂቃ ገንፎ ከሆነ የከሰርሽው ኩባያ ነው፤ የቀረውን ያለ ሽቶ አፍስሺው፣ ወይም የማትፈሪውን ሌላ ሽቶ ጨምሪበት። የዕጣንና የባህር ዛፍ ዘይት በእኔ እጅ አስቸግረውኝ አያውቁም። እንዲያውም 10 ግራም ጃስሚን ከ20 ግራም የዕጣን ዘይት ጋር ቀላቅዬ ስሠራ ሽታውም ይጥመኛል፣ ድስቱም አይቸኩልም። የዕጣኑንም ልክ ግን ከወረቀቱ አትለፊ።

ሽቶውን በእጅ መምቻ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ በቀጭኑ እያፈሰስሽ አዋሕጂው። ከሞላሽ በኋላ ሞልዱን በጋቢ አትጠቅልዪ፤ እነዚህ ሽቶዎች ራሳቸው ሙቀት ይጨምራሉ፣ መሐሉ ተነፍቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የሽቶው ጠርሙስ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ እኔን ግን ያሳስበኛል። ወረቀት የሌለው፣ ለልብስ ወይም ለገላ ተብሎ የሚሸጥ ሽቶ ብዙ ጊዜ አልኮል አለበት። አልኮል ዘይቱንም ሶዳውንም ስለሚያሟሟ ሳሙናን ወዲያው ያደርቃል፤ ውሃ ብትጨምሪ፣ ሙቀት ብትቀንሺ አይረዳሽም። ጥቂት ጠብታ በግልጽ ብርጭቆ ውስጥ ባለ የምግብ ዘይት ላይ ጣል አድርጊና አማስይው። ከደፈረሰ ወይም ተለይቶ ከተኛ ለሳሙና አይሆንም። ጥርት ብሎ ከተዋሃደ ደግሞ ወደ ኩባያው ፈተና እለፊ።

የቫኒላው ነገር ቀላልም ከባድም ነው። የሚያጠቁረው ቫኒሊን የሚባለው ራሱ የቫኒላው ሽታ ነው፤ በሳሙና ውስጥ አየር እየነካው ይጠቁራል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ። ማንጫ የሚባሉ ዱቄቶችን ሞክሬያለሁ፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጥቁሩን ግራጫ ቢጤ አደረገብኝ እንጂ ነጭ አላደረገልኝም። ማጥቆርን ይከለክላሉ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾችም በቀዝቃዛ ዘዴ ቀኑን አራዘሙልኝ እንጂ አላስቀሩትም። ገንዘብሽን አታባክኚ። ሳሙናው አልተበላሸም፣ ለቆዳም ጉዳት የለውም።

ስለዚህ ቡኒውን ፈልገሽው እንደሠራሽው አድርጊው። ድብልቁን ለሁለት ክፈዪ፤ ቫኒላውን በአንዱ ብቻ ጨምሪና ከታች አፍስሺ፣ ሌላውን ያለ ሽቶ ከላይ በማንኪያ አስቀምጪ። በሦስት ሳምንት ማኪያቶ ይመስላል። እኔ የምሸጠው በዚሁ ስም ነው፣ ከነጩም ይልቅ ይፈለጋል። ታችኛው ክፍል ትንሽ ወፈር ሳይል ላይኛውን አታፍስሺ፣ አለበለዚያ ይቀላቀላሉ። ወር ሲሞላው ድንበሩ ላይ ነጩ በቀጭኑ ቡኒ ቢል አትደንግጪ፤ ቫኒሊኑ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሻገራል።