ስለ አልቢነን መንደር ለጠየቃችሁኝ

«ስዊዘርላንድ ውስጥ መጥቶ ለሚኖር ሰው ብር የምትከፍል መንደር አለች» የሚለው ወሬ አሁንም አልበረደም። መንደሯ አልቢነን ትባላለች። ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ።

የት ናት?
በደቡብ ምዕራብ ስዊዘርላንድ፣ ቫሌ በሚባለው ካንቶን (ክልል)። ቫሌ ማለት መሃሉን የሮን ወንዝ የሚያቋርጠው፣ ግራ ቀኙን ተራራ ያጠረው ረጅም ሸለቆ ነው። አልቢነን በሰሜኑ ዳገት ላይ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ አይጎድልባትም።

1,300 ሜትር? አዲስ አበባ እኮ ትበልጣለች! በረዶው ከየት መጣ?
ከፍታው ብቻ አይደለም ወሳኙ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ እነሱ 46 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ክረምታቸው ቀልድ አያውቅም።

ስንት ሰው ይኖርባታል?
ወሬው በተነሳበት በ2017 (እ.ኤ.አ.) 240 ገደማ ነበር። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ሲለቁ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ትምህርት ቤት የሌለበት መንደር ደግሞ ማን ልጅ ይዞ ይገባል? ሥራውም ያለው ታች ሸለቆው ውስጥ፣ እነ ፊስፕና ሲዮን በሚባሉት ከተሞች ነው።

ብሩስ እውነት ነው?
እውነት ነው፣ ግን ወሬው ግማሹን ዋጠው። ነዋሪዎቹ በኅዳር 2017 ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፤ 71 ደገፉ፣ 29 ተቃወሙ። ለአንድ አዋቂ 25,000 ፍራንክ፣ ለአንድ ልጅ 10,000። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 70,000 ይደርሳቸዋል። አሁን ቅድመ ሁኔታውን ስሙ። ዕድሜህ ከ45 በታች መሆን አለበት። ቢያንስ 200,000 ፍራንክ የሚያወጣ ቤት ትገዛለህ ወይም ትሠራለህ። ያውም የምትኖርበት እንጂ ለእረፍት ብቅ የምትልበት አይደለም። 10 ዓመት ሳትቆይ ከወጣህ ብሩን ትመልሳለህ። በአጭሩ ለድሃ የሚሰጥ እርዳታ አይደለም፤ ቤት መግዛት ለሚችል ሰው የሚጨመር ማበረታቻ ነው።

እኔ የምኖረው ሪያድ ነው። ማመልከት እችላለሁ?
አትችልም፣ ወንድሜ። የስዊዝ ዜግነት ወይም «ሲ» የሚባለው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው 10 ዓመት መኖር አለበት። ፎርም ልሙላልህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለ እያጭበረበረህ ነው።

ቋንቋቸው ምንድን ነው?
የቫሌ ጀርመንኛ። ትንሽ ወደ ምዕራብ ወርደህ የፊን ጫካን ካለፍክ ሰው ፈረንሳይኛ ነው የሚያወራህ። በትምህርት ቤት ጀርመንኛ ብቻ የመጣ ሰው የአልቢነንን አባቶች ጨዋታ ለመከታተል ይቸገራል።

በመንደሯ ፎቶዎች ላይ ቤቶቹ ለምን ጠቆሩ? ተቃጥለው ነው?
ኧረ የለም። እንጨቱ ላርች ከሚባል ዛፍ ነው፤ ፀሐይ ስትመታው በዘመናት ብዛት ይጠቁራል። የእህል ማስቀመጫዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። እንደኛ ጎተራ ከመሬት ከፍ ብለው በእግር ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ላይ ሰፊ ክብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አይጥ እግሩን ወጥታ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ መዞሪያ ታጣለች።

የመሰላል መንገድ አለ የሚባለውስ?
አለ። ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ሎይከርባድ ገደሉ በ8 የእንጨት መሰላሎች ይታለፍ ነበር፣ ያውም ሸክም በጀርባ ይዞ። ዛሬ አውቶቡስ አለ፤ መሰላሉን የሚወጡት ተራራ ወዳዶች ናቸው። ከፍታ የሚያዞራችሁ በአውቶቡሱ ሂዱ።