ስለ ጓሮ ወፎችና መመገቢያ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ወፍ መመገብን በተመለከተ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አንዳንዱን በአጭሩ ካለፍኩት ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ መመገቢያ ከሰቀልኩ ሳምንት ሊሞላኝ ነው፣ አንዲትም ወፍ ዝር አላለችም። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፣ ታገስ። ወፎች አዲስ ነገር ይጠራጠራሉ። አንዳንዴ በቀናት፣ አንዳንዴ በሳምንታት ነው የሚለምዱት። አንዷ ደፍራ ከበላች ሌሎቹ እሷን አይተው ይመጣሉ። እስከዚያው ቦታውን እየቀያየርክ አታደናግራቸው። በቅርብ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ሲደነግጡ ዘው የሚሉበት ይፈልጋሉ። ድመት የምታደባበት ያህል ግን አይጠጋ።

ጥያቄ፦ የተደባለቀ ጥሬ ገዛሁ፣ ግማሹን መሬት ላይ ይበትኑታል። ለምን?

ስለማይፈልጉት ነዋ! ርካሽ ድብልቅ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ጥቂት ወፎች ብቻ በሚበሉት ጥሬ ነው፣ የሚወዱትን ለመልቀም ሌላውን ይጥሉታል፣ ከዚያ አይጥ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ የምትገዢ ከሆነ ጥቁሩን የሱፍ አበባ ፍሬ ግዢ፤ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ቅባቱ ብዙ ነው፣ ትንሹም ትልቁም ወፍ ይሰብረዋል። እንደ ጎልድፊንች ያሉ ትንንሾች ኑግ ይወዳሉ፣ ግን ፍሬው ቀጭን ስለሆነ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መመገቢያ ያስፈልገዋል፣ ከቆየና ከደረቀም አይነኩትም። ኦቾሎኒ ጨው የሌለውና ሻጋታ ያልነካው ይሁን፣ የኦቾሎኒ ሻጋታ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ዳቦስ?

ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ይቅር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በብርዱ ወቅት ለአንድ ወር ልጓዝ ነው። ለምደውኛል፣ በረሃብ ይሞቱብኝ ይሆን?

አይሞቱም፣ በሰላም ሂጂ። እኛ መጋቢዎች ራሳችንን ትንሽ እናካብዳለን። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በ1980ዎቹ ቺካዲ በምትባል ትንሽ ወፍ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። መመገቢያ እያላቸውም ከዕለት ጉልበታቸው ከመመገቢያው ያገኙት አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነበር፣ የቀረውን ራሳቸው ፈልገው ነው የበሉት። ለዓመታት ሲመገቡ የኖሩት መመገቢያው ሲነሳባቸውም፣ ተመግበው ከማያውቁት እኩል ከረሙ። በጣም ከባድ ብርድ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ የተመገቡት በብዛት ተርፈዋል። ስለዚህ ኃይለኛ ብርድ በሚጠበቅበት ሰሞን የምትሄጂ ከሆነ ጎረቤት እንዲሞላልሽ አስቸግሪ፣ ካልሆነም አትጨነቂ።

ጥያቄ፦ ምግብ ካገኙ ስደታቸውን ይተዋሉ የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ጉዞውን የሚቀሰቅሰው በዋናነት የቀኑ ርዝመት መለወጥ ነው፣ የእኔና የአንተ ጥሬ አይደለም። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ፦ ብላክካፕ የሚባሉት የመካከለኛው አውሮፓ ወፎች ብርዱን ለማሳለፍ ወደ ደቡብ ይወርዱ ነበር፣ አሁን የተወሰኑት አቅጣጫ ቀይረው ብሪታንያ ይከርማሉ፣ ከምክንያቶቹ አንዱም በየጓሮው የሚያገኙት ምግብ ነው። ስደቱን አልተዉትም፣ መድረሻውን ቀየሩት እንጂ።

ጥያቄ፦ በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ላይ ወፎቼ በሙሉ ጠፉ። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ ቢጫዎቹ ጎልድፊንቾች ሄደው ደብዛዛ ወፎች ተተኩ ይላል።

ያንተዎቹ ሜዳ ላይ ድግስ አግኝተው ነው። በዚያን ሰሞን የአረሙ ፍሬም ነፍሳቱም ሞልቷል። ብዙዎቹ ላባም ይቀይራሉ፣ ያኔ መብረር ስለሚከብዳቸው ድምፃቸውን አጥፍተው ይደበቃሉ። ቅጠል ረግፎ ሲበርድ ይመለሳሉ። ጓደኛህ ደግሞ የሚያየው ምናልባት እነዚያኑ ወፎች ነው፤ የአሜሪካው ጎልድፊንች ወንዱ በጸደይ ደማቅ ቢጫ ይለብሳል፣ ብርዱ ሲቃረብ አውልቆ ደብዛዛውን ይለብሳል።

ጥያቄ፦ መመገቢያውን ማጠብ የግድ ነው?

የግድ ነው! ከሁሉም ጥያቄ ይሄኛውን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። በዱር ተበታትነው የሚበሉ ወፎችን አንድ ሳህን ላይ ስንሰበስባቸው በሽታ እየሰበሰብን ሊሆን ይችላል። በ2021 መጀመሪያ ላይ በምዕራብ አሜሪካ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ፓይን ሲስኪን የሚባሉትን ወፎች ሲፈጅ፣ ባለሥልጣናት ሰዉን መመገቢያችሁን አውርዱ እስከማለት ደርሰዋል። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ዕጠቡ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ። ከሥር የወደቀውን ቅርፊትና ኩስም ጥረጉ። ላባዋን ነፍታ የተቀመጠች፣ ስትቀርቧት እንኳ የማትሸሽ ወፍ ካያችሁ ታማለች፤ መመገቢያውን ለሁለት ሳምንት ያህል አንሱት። ለማጠብ ጊዜ የሌለው ሰው ባይሰቅል ይሻላል፣ ቅር የሚለው ይበለው።

ጥያቄ፦ ወፎች መስኮቴ ላይ እየተላተሙ ይሞታሉ።

መመገቢያውን ከመስኮቱ ወይ በጣም አቅርቢው፣ ወይ በጣም አርቂው። ከመስታወቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ከሆነ ሲነሱ ፍጥነት ስለማይኖራቸው ብዙም አይጎዱም። መካከለኛው ርቀት ነው ገዳዩ። መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል ነጠብጣብ ወይም መስመር በየ5 ሴንቲሜትሩ መለጠፍ ይረዳል። አንድ የጭልፊት ሥዕል ብቻ መለጠፍ ግን ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለሃሚንግበርድ፣ ለዚያች የአበባ ወለላ ለምትጠጣው ትንሽ የአሜሪካ ወፍ፣ ማር በጥብጬ ልስጥ?

ማር አይሆንም፣ ቶሎ ሻጋታ ያበቅላል። አንድ እጅ ነጭ ስኳር በአራት እጅ ውሃ፣ በቃ። ቀይ ቀለም አትጨምር። ሲሞቅ በየሁለት ቀኑ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ስኩረሎች፣ እነዚያ ዛፍ ላይ የሚዘሉ ባለ ጎፈሬ ጭራ ትንንሽ እንስሳት፣ ጥሬውን ጨረሱብኝ!

በርበሬ የተቀባ ጥሬ ሞክር። ለእነሱ ያቃጥላል፣ ወፎች ግን ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ደፋሮቹ ለምደው ይበሉታል፣ ያኔ ምሰሶው ላይ ሾጣጣ ቆርቆሮ ግጠምበት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ መቁጠር ጀምረዋል፣ ግን ያችው ወፍ አሥር ጊዜ ስትመጣ አሥር ብለው ይጽፋሉ።

በአንድ ቅጽበት አብረው ያዩትን ትልቁን ቁጥር ብቻ ይጻፉ። አራት ድንቢጥ አንድ ላይ ካዩ አራት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢመላለሱም።