ከማስኩ በፊት መጥረጊያውን ቀይሪ

እህቴ፣ «ቤታችን በአዘዞ መንገድ ዳር ነው። የሁለት ዓመት ልጄ በጋ ሲገባ ሳል አይለቃትም። ማስክ ላድርግላት? ደግሞስ አቧራ አፈር አይደል፣ ምን ይጎዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

አፈር ብቻ አይደለም። የሚኒባስ ጎማ ስፈታ ፍሬኑ ላይ ጥቁር ዱቄት ተጋግሮ አገኛለሁ። ድሮ በኮምፕሬሰር እናራግፈው ነበር። በበሩ በሚገባው ፀሐይ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ቶሎም አይወርድም። ያ የፍሬን ሸራ (ፍሬን ሲያዝ ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመው) እና የብረት ብናኝ ነው። መዳብ ይኖርበታል፤ በብዙዎቹ የድሮ ሸራዎች ደግሞ ካንሰር የሚያመጣው አዝቤስቶስ ነበረ። የእኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ባጃጁም አይሱዙውም ፍሬን በያዘ ቁጥር ያው ዱቄት መንገድ ላይ ይበተናል። ከጎማው ዚንክ፣ ከናፍጣው ጥላሸት ይጨመርበታል።

ዓይንሽ የሚያየው ትልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው ግን ከፀጉር ከ20 እጥፍ በላይ ይቀጥናል፤ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ እርሳስ ነው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ። እስከ 1998 ዓ.ም. ገደማ በአፍሪካ ብዙ አገሮች ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ አይበሰብስም። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ፣ አሮጌ ባትሪ ሲፈታም ይወጣል። ሕፃን ከዋጠችው እርሳስ ወደ ሰውነቷ የሚገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። የሚጎዳው አእምሮዋን ነው፤ ሳልም ትኩሳትም ላታይባት ትችያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅትም «ይህን ያህል ቢገባ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ይላል።

እኔ ማታ ቱታዬን ሳላወልቅ ልጄን አቅፍ ነበር። አንድ ቀን ነጭ ቀሚሷ ላይ አምስቱ ጣቶቼ ጠቁረው ታትመው አየሁ። እሷ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ያሻሸችውን እጇን አፏ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ቱታዬ ጋራዥ ያድራል፤ ጫማዬም ከደጅ አያልፍም።

ስለዚህ ማስኩን ተይው። የሁለት ዓመት ልጅ አታቆየውም፤ የጨርቁ ደግሞ ረቂቁን አቧራ በደንብ አይዝም። ይልቅ በደረቁ መጥረግ አቁሚ። ተኝቶ የነበረውን አቧራ እየቀሰቀስሽ ወደ ሳንባዋ እንድትስበው ታደርጊያለሽ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ አፈር ከሆነ ውሃ አርከፍክፊበት። መኪና ሲበዛ የመንገዱን መስኮት ዘግተሽ የጓሮውን ክፈቺ። ከመብላቷ በፊት እጇን በሳሙና እጠቢ። ቁርስ ሳትበላ ደጅ አትልቀቂያት፤ በባዶ ሆድ እርሳስ ይበልጥ ወደ ሰውነት ይገባል። አይረን ያነሳትም ልጅ እንደዚያው ነች፤ ምስርና ጎመን አይለያት።

ሳሉ በየበጋው የሚመላለስ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አትጠብቂ፣ ሐኪም ይያት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ደረቷ ሲር ሲር ካለ በዚያው ቀን ውሰጃት። የአባቷን ሥራ አልጻፍሽም። እንደኔ ጋራዥ ወይም ባትሪ ቤት ከሆነ ከቱታው ጀምሪ፤ ለሐኪሙም ሳትጠየቂ ንገሪው።